ግማሹ ሩብ ሲሆን

ዓለም ገና ላይ፣ ከጅማ መንገድ ዳር፣ ከባጃጅ ተራው ትንሽ ወረድ ብሎ «ዲናሞ እንጠቀልላለን» የሚል ሰማያዊ ቆርቆሮ የተንጠለጠለበት ሱቅ አለ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ይቆምና፣ ካውያ የያዘችውን ሴትዮ በዓይኑ አልፎ ወደ ጓዳው እየተንጠራራ፣ «ባለሙያው የለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

«አለች» ትላለች ድንቅቱ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

ወዲያው ገብቶት የሳቀ ሰው ዲናሞው በሁለት ቀን ይደርስለታል። «ታዲያ መቼ ትመጣለች?» ያለ ግን ሳምንት ይመላለሳል። ድንቅቱ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህችን ያህል ቅጣት ግን ለራሷ ፈቅዳለች።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። የተወለደችው ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ አባቷ ጤፍና ጓያ ያርሱበት በነበረ መንደር ነው። ልጅ ሳለች አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው። ታናናሾቿን ከበረቱ አጥር ሥር አሰልፋ ስም ትጠራለች፤ ሰልፉ አነሰ ስትል ጥጆቹንም ትጨምራለች፤ ጥጃው «አቤት» ስለማይል ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ አባቷ ሞቱ። የበኩር ልጅ ናትና ባዶ ደብተሮቿን ለታናሽ ወንድሟ ሰጥታ ወደ ሥራ ዞረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሰበታ ካለ አንድ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ክር ማድወሪያው ክፍል ተቀጠረች።

የፋብሪካው ወርክሾፕ ሞተር ጠምጣሚ ጋሽ ወንዳፍራሽ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የተቃጠለ ሞተር ሊፈቱ መጥተው፣ ይህች ልጅ ክሩ ሊበጠስ ሲል ማሽኗን ስታቆም ሁለት ጊዜ አዩ።

«እንዴት አወቅሽ?» አሏት።

«ድምፁን ይቀይራል።»

«ክር ደግሞ ድምፅ አለው?»

«ሊበጠስ ሲል አለው።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሄዱና አለቃውን «ይህችን ልጅ ስጡኝ» አሉት። የወርክሾፑ ወንዶች ሳቁ። «ሴት መዳብ ልትፈትል ነው?» አሉ። «ክር ያልበጠሰ እጅ ሽቦ አይበጥስም» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ትምህርቱ አጭር ነበር። የተቃጠለውን ጥቅል ትፈቺዋለሽ፤ ስንት ዙር እንደነበረው ትቆጥሪያለሽ፤ የሽቦውን ውፍረት ትለኪያለሽ፤ ከዚያ በአዲስ ሽቦ ያንኑ መልሰሽ ትጠመጥሚያለሽ። «የሠራው ሰው አስቦበታል፤ አንቺ ቆጥረሽ መልሺ» ይሉ ነበር። ሲጠመጥሙ ድምፅ አውጥተው ነው የሚቆጥሩት። እሷ በኦሮምኛ፣ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለች መቶ ስትሞላ፣ እሳቸው ከጠረጴዛው ማዶ በአማርኛ «አንድ መቶ!» ብለው ወረቀት ላይ ያሰምራሉ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ዛሬም ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ስትጠመጥም፣ መቶ ላይ ስትደርስ ለአፍታ ዝም ትላለች። ከማዶ የሚመልስላት ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች።

የሽቦ አጠራርም ከእሳቸው ነው የወረሰችው። ዜሮ ነጥብ ሰባ አምስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ሽቦ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ጠምጣሚ የለም፤ «ሰባ አምስት ስጠኝ» ነው የሚባለው። ዜሮ ነጥብ አርባ ሰባቱም «አርባ ሰባት» ነው። ዜሮውና ነጥቡ ለሱቅ ሰው ትርፍ ናቸው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲባል ማንም ተጎድቶ አያውቅም፤ ድንቅቱ ራሷ እስክትጎዳበት ድረስ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ጡረታ ሲወጡ ሱሉልታ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ድንቅቱም ፋብሪካውን ተሰናብታ የራሷን ሱቅ ከፈተች። ባሏ ሊቤ የሰበታ ገበሬ ነው፤ ያርሳል፣ ላሞችም አሉት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤና ሽምብራ ገበያ ያወጣል። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። ቤቱ ሰላም ነው። ሥራው ግን ከዓመት ዓመት ቀነሰ። ሰው ሞተር ሲቃጠልበት ማስጠምጠሙን ትቶ አዲስ መግዛት ለምዷል። ያሠለጠነቻቸው ሁለት ልጆችም ዱከም ፋብሪካ ገቡ፤ እዚያ የተቃጠለውን አውጥቶ መጣልና አዲሱን መግጠም ነው ሥራቸው። ድንቅቱ አልተቀየመቻቸውም። ብቻ አንዳንዴ እጇን አየት አድርጋ፣ ይህ እጅ የሚያውቀው ነገር ከእሷ ጋር ሊቀበር እንደሆነ ታስብና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ባለፈው ሚያዝያ ቤቴል መጣች። ቡራዩ ውስጥ ያለ የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ሠላሳ ዓመት የሞላት አትመስልም። የኮሌጁን የውኃ ፓምፕ ዲናሞ በባጃጅ ጭና ነበር የመጣችው። «ለነገ ይድረስልኝ» ብላ አልሄደችም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ፣ ድንቅቱ ስትጠመጥም ከአንድ ሰዓት በላይ ስታይ ቆየችና፣

«አዴ ድንቅቱ፣ ልጆቼን ያስተምሩልኝ» አለች፣ በኦሮምኛ አክብራ ጠርታት።

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«ሠላሳ አራት።»

ድንቅቱ ቀና አለች። ቤቴል ሳቀች።

«ተማሪዎቼን ማለቴ ነው። ቲዎሪውን ጥርት አድርገው ያውቁታል፤ ሽቦ ሲይዙ ግን እባብ የያዙ ነው የሚመስሉት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ። ብቻ የብቃት ምዘናውን አልፈው ወረቀቱን ያምጡልኝ፤ ያለ እሱ አልችልም።»

«እስቲ ይታያል» አለች ድንቅቱ። ይህን ያለው አፏ ነው። ልቧ ገና ድሮ ከበረቱ አጥር ሥር ሄዶ ስም መጥራት ጀምሯል።

ሰኔ ላይ ቡራዩ ሄዳ ተፈተነች። በተግባሩ ፈተና ሞተር ስትጠመጥም የሚከታተላት ሰው ሰዓቱን ማየት ረሳ። ችግሩ የጽሑፉ ነበር፤ እሱም ሁሉም ሳይሆን ስለ ኢንዳክታንስ የሚጠይቀው ክፍል።

ቃሉን ቤቴል በሰጠቻት ማስታወሻ ላይ አንብባዋለች። በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ሲል ጥቅሉ ለውጡን ይቃወማል፤ የዚህ ተቃውሞ መጠን ኢንዳክታንስ ይባላል፤ መለኪያው ሄንሪ ነው፣ ይላል ማስታወሻው። አልከበዳትም። ጥቅልን ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ድንገት ሲያላቅቁት ብልጭ ብሎ እጅ እንደሚነክስ ሠላሳ ዓመት ታውቃለች። «ለካ ስም አለው!» ብላ ብቻዋን ስቃ ነበር። ነገሩን የያዘችው ደግሞ በሲኖትራክ ምሳሌ ነው። ጠጠር የጫነ ሲኖ ለመነሳት ይለግማል፤ ከተነሳ በኋላ ለመቆምም ይለግማል። ባጃጅ ትንሽ ሄንሪ ነው፣ ሲኖ ብዙ ሄንሪ።

ፈተናው ግን ስለ ልግመት አልጠየቃትም። «0.47 ሚሊሄንሪ ስንት ማይክሮሄንሪ ነው?» አለ። ድንቅቱ ሳታመነታ 47 ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «ሁለት መቶ ዙር ያለው ጥቅል 8 ሚሊሄንሪ ቢሆን፣ መቶው ዙር ሲፈታ ስንት ይቀራል?» አለ። ይህማ የሕፃን ጥያቄ ነው፤ 4 አለችው። የቀሩት ጥያቄዎች በእነዚህ መልሶች ላይ የተሠሩ ነበሩና አንዱ ሲወድቅ ሌላውን እየጎተተ ወደቀ።

ቤቴል ደውላ ነገረቻት። «የኢንዳክታንሱ ክፍል ብቻ ነው የቀረዎት። መስከረም መጀመሪያ ላይ ድጋሚ አለ። ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚያ በሳምንቱ ነው። እስከዚያ ቦታውን ይዤ እጠብቅዎታለሁ፤ ካልሆነ ግን ሌላ ሰው ይቀጥራሉ፤ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።»

በማግስቱ ጠዋት ሊቤ ቅቤ በሚዛን እየለካ ሰፊ የኮባ ቅጠል ላይ ሲያስቀምጥ አገኘችው።

«ወደቅኩ» አለችው።

«ከምን ላይ?» ብሎ እግሯን አየ።

«ከፈተና ነው እንጂ!»

«እ! እኔ ደግሞ ከመሰላል መስሎኝ። የአጥንት ስብራት ካልሆነ ይጠገናል። ምን ብለው ጠየቁሽ?»

ነገረችው። ሊቤ ሰምቶ፣ ሚሊና ማይክሮ ምንና ምን እንደሆኑ ጠየቃት።

«ትልቁ ሄንሪ ነው» አለች። «ሄንሪን ለሺህ ስትከፍለው ሚሊ ይሆናል። ሚሊን ደግሞ ለሺህ ስትከፍለው ማይክሮ።»

«ቶን፣ ኪሎ፣ ግራም አትይኝም?»

ድንቅቱ ሚዛኑን አየች።

«በይ እስቲ» አለ ሊቤ ቅቤውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ «ዜሮ ነጥብ አርባ ሰባት ኪሎ ቅቤ ስንት ግራም ነው?»

«አራት መቶ ሰባ» አለች፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች።

«አንቺ ግን አርባ ሰባት ግራም ነው ብለሽ ለመንግሥት ጻፍሽ። እንኳን ገበያ አልላክሁሽ!»

«ሽቦው እኮ ነው ያሳሳተኝ። አርባ ሰባት ሽቦ ስንል ሚሊሜትሯን ለመቶ ከፍለን ነው የምንጠራው። ሄንሪ ግን በሺህ በሺህ ነው የሚወርደው።»

«እናንተ ጠምጣሚዎች ኩንታል ለምዳችሁ ነው፤ ኩንታል በመቶ ነው የሚሄደው» አለ ሊቤ። «ኩንታሉን እርሺው። ቶን፣ ኪሎ፣ ግራም። ሌላ የለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ ውስጥ በኖራ ግድግዳው ላይ ሦስቱን ጻፈቻቸው፤ ከቶን አጠገብ ሄንሪ፣ ከኪሎ አጠገብ ሚሊ፣ ከግራም አጠገብ ማይክሮ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ቁጥር እየፈጠረች ታወጣለች፣ ታወርዳለች። 2200 ማይክሮ፣ ሁለት ነጥብ ሁለት ሚሊ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሠላሳ ሦስት ሚሊ፣ ሠላሳ ሦስት ማይክሮ። ግማሽ ሄንሪ፣ አምስት መቶ ሚሊ። ሐምሌ ሳይጋመስ ይህኛው እሾህ ወጣላት።

ሁለተኛው ግን አልወጣም። ቤቴል መልሱ ሁለት ነው ብላታለች። ግማሹን ዙር ፈትቶ ሩብ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። «በዙሩ ካሬ ነው የሚሄደው፤ ቀመሩ ይኸው» ብላ ጽፋ ሰጠቻት። ድንቅቱ ቀመሩን ሸምድዳ ማለፍ ትችል ነበር። ግን ሠላሳ አራት ልጅ ፊት ቆማ፣ አንዱ እጁን አውጥቶ «ለምን?» ቢላት ምን ልትል ነው? ግማሽ እንጀራ ቆርሶ ሩብ የሚቀርበት አገር የት ነው? ያልገባትን ነገር እጇ አይሠራውም፤ አፏም እንዲያስተምረው አልፈለገችም።

የሚያውቅ ሰው ካለ ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው አለች። ከቤቴል የኢንዳክታንስ መለኪያውን ተዋሰች፤ የእጅ ስልክ የሚያህል ቢጫ ነገር ነው። ከተበላሸ ኢንቨርተር የወጣ ጥቁር ቀለበትና አንድ ጥቅል ቀጭን ሽቦ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ከዓለም ገና መርካቶ፣ ከመርካቶ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ሄደች። የእንጦጦን ዳገት ሲያልፉ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሚኒባሱን ደበደበው። ሱሉልታ ስትወርድ ሜዳው ሁሉ ውኃ ተኝቶበት ሰማዩን ያሳይ ነበር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቷቸዋል። ጋቢ ደርበው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። እግራቸው ከድቷቸዋል፤ ዓይናቸውና ምላሳቸው ግን አልከዱም።

«አንቺ ድንቄ! መሞቴን ልታረጋግጪ ነው በዚህ ዝናብ የመጣሽው?»

«ኧረ ጋሼ! አልሞቱም ሲባል ሰምቼ፣ እውነት ይሆን ብዬ ነው።»

ተቃቅፈው ሳቁ። ከዚያ ጥያቄውን ነገረቻቸው። እሳቸው ወደ ሜዳው አይተው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ድንቅቱ የምታውቀው ዝምታ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሁልጊዜ መልስ ይመጣል።

«አላውቅም» አሉ።

«እንዴት አያውቁም?»

«መቼ ሄንሪ አስተማርኩሽ? ቆጥረሽ መልሺ ነው ያልኩሽ። እኔም የተባልኩት ያንኑ ነው። ሁለት መቶ ዙር ከሆነ ሁለት መቶ፤ ለምን ሁለት መቶ እንደሆነ የሠራው ሰው ይጨነቅበት አልን። አርባ ዓመት ሌላ ሰው ያሰበውን መለስኩ።» በቁጭት አልነበረም የሚናገሩት፤ የዛሬውን ዝናብ ብርታት እንደሚናገር ሰው ነበር። «አያሳዝነኝም። ስንት ወፍጮ በእኛ እጅ ተነስቷል። ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። በይ አሁን ስጪኝ ያንን ቀለበት፤ እንጠምጥም።»

«እኔ ልጠምጥም፤ አንቱ ቁጠሩ።»

«መቁጠሩማ ያንቺ ነው። የኔ መቶዎቹ ናቸው።»

ድንቅቱ ሽቦውን በቀለበቱ ውስጥ እያሾለከች ጀመረች። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ እጇ ይሄዳል። መቶ ሲሞላ ጋሽ ወንዳፍራሽ ጋቢያቸውን ገፍተው «አንድ መቶ!» አሉ፣ ያኔ በሚሉበት ድምፅ። ድንቅቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሽቦው ላይ እንዳይንጠባጠብ በክንዷ ጠረገችውና ቀጠለች። «ሁለት መቶ!» ሲባል ጫፎቹን ፍቃ ከመለኪያው ጋር አገናኘች።

«ስምንት ነጥብ አንድ ሚሊሄንሪ» አለች። «ፈተናው ላይ የነበረው ማለት ነው። አሁን መቶውን እፈታለሁ።»

ፈታች። ለካች። ሁለት ነጥብ ዜሮ።

«ቆጠራ ተሳስተሻል» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«እኔ?»

«እንግዲያስ መለኪያው ቻይና ነው። ድጋሚ!»

ቀለበቱ ላይ የቀሩትን አንድ በአንድ በጥፍሯ እየነካች ቆጠረች፤ ድፍን መቶ። ሃምሳውን ደግሞ ፈታች፤ መለኪያው ዜሮ ነጥብ አምስት አለ። ግማሹን በፈቱ ቁጥር ሩብ ይቀራል። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አርባ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ አንድም ቀን አልነገረኝ!»

ድንቅቱ ግን አልሳቀችም። ቀለበቱን እያገላበጠች ነበር። የጎደለው ሁሉ የት ሄደ? ከሄዱት ዙሮች ጋር ግማሹ ሄደ፤ ሌላው ሩብ ደግሞ ከማን ጋር ሄደ? ከቀሩት ላይ ነው የጎደለው ማለት ነው። የቀሩት ደግሞ አልተነኩም። ያልተነካ ሰው ላይ የሚጎድለው መቼ ነው? ጎረቤቱ ሲሄድበት።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚህ እድር ገብተዋል?»

«ምነው፣ ልትቀብሪኝ ቸኮልሽ?»

«ይስሙኝማ! አሥር ሰው ያለበት እድር ይሁን። አንዱ ቤት ሐዘን ሲገባ አሥሩም እድርተኛ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም ከአሥሩ አንዱ ነው። አሥሩም ቤት ተራው ሲደርሰው ስንት መቀመጥ ሆነ?»

«አሥር ጊዜ አሥር። መቶ።»

«እድርተኛው ሃያ ቢሆንስ?»

«ሃያ ቤት፣ ለእያንዳንዱ ሃያ ሰው …» በጣታቸው አሰቡ። «አራት መቶ። ሰው እጥፍ ቢሆን መቀመጡ አራት እጥፍ!»

«ዙሮቹም እድርተኛ ናቸው ጋሼ። ኤሌክትሪኩ ሲለወጥ እያንዳንዱ ዙር ለራሱ ብቻ አይደለም የሚቃወመው፤ ለሌሎቹም ይደርሳል፣ ሌሎቹም ለእሱ ይደርሳሉ። ግማሾቹን ስፈታቸው የቀሩት ግማሽ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርስለትም ግማሽ ነው። የግማሽ ግማሽ።»

«ሩብ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። ቀለበቱን ከእጇ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «እኔኮ ለየብቻቸው ተጠምጥመው የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «አሁን ማን ማንን አስተማረ?» አሉ።

«አንቱ ነዎት። አላውቅም ብለውኝ እኮ ነው።»

መስከረም ስምንት ቀን ቡራዩ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ጭቃው መድረቅ ጀምሮ ነበር። መዛኙ አዲስ ሰው ነው፤ አቶ ዱባለ ይባላል፤ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት እኩል የፕላስቲክ ማጠንጠኛዎች አስቀመጠ፤ አንዱ የተጠመጠመበት፣ አንዱ ባዶ።

«ይህ መቶ ዙር ነው። ሲለካ 0.17 ሚሊሄንሪ ሆኗል» አላት። «ባዶው ላይ በዚሁ ሽቦ 680 ማይክሮሄንሪ ይጠምጥሙልኝ። አሥር በመቶ ወዲያና ወዲህ እቀበላለሁ። አንድ ሰዓት አለዎት።»

ድንቅቱ ሽቦውን ከመንካቷ በፊት እርሳሷን አነሳች። ዜሮ ነጥብ አሥራ ሰባት ኪሎ መቶ ሰባ ግራም ነው። መቶ ሰባ በአራት ሲባዛ ስድስት መቶ ሰማንያ ነው። አራት መቶ ዙር! እጇ ወደ ሽቦው ተዘረጋ፤ መንገድ ላይ ቆመ። አራት እጥፍ የሆነው መቀመጡ ነው እንጂ ሰዉ አይደለም። መቀመጡ አራት እጥፍ እንዲሆን ሰው እጥፍ ቢሆን ይበቃል። ሁለት መቶ።

በሹክሹክታ እየቆጠረች ጠመጠመች። ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ስትጨርስ አቶ ዱባለ ራሱ ለካ። 0.71 አለ መለኪያው፤ ከተፈቀደው ውስጥ ነው። ቁጥሩን ጻፈና ጠየቃት።

«ለምን አራት መቶ አላደረጉትም?»

ቀመሩን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ከድንጋጤ የተነሳ ካሬ የሚለው ቃል ጠፋባት። እናም እድሩን ነገረችው፤ አሥሩን፣ ሃያውን፣ መቀመጡን። አቶ ዱባለ ፊቱ አልተለወጠም። የእድሩ ወሬ ሲያልቅ ወረቀት አቀበላት።

«መቶ ዙር የነበረው ወደ ሃምሳ ቢወርድስ? በማይክሮሄንሪ ይጻፉልኝ።»

ግማሽ ዙር፣ ሩብ ሄንሪ። ዜሮ ነጥብ አሥራ ሰባትን ለአራት፤ 0.0425 ሚሊ። ከሥሩ በማይክሮ 4.25 ብላ ጻፈች። እርሳሷን ልታስቀምጥ ስትል አንድ ነገር ያዛት። አራት ግራም ቅቤ? አራት ግራም ቅቤ ጣት ላይ የሚቀር ነው። የሠላሳ ዓመቱ እጅ ነው የጻፈው፤ ሽቦ መስሎት በመቶ አባዝቶ። መቶ ሰባ ግራም ለአራት ሲካፈል አርባ ሁለት ተኩል ነው። 4.25ን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ 42.5 ብላ ጻፈች፤ እንደገና ሳትጠራጠር ወረቀቱን ገፋችለት።

አቶ ዱባለ በተሰረዘው ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ የሱቄ ነው» አለች። «የፈተናው የታችኛው ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውየው ጥርስ ታየ። «እኔም መርካቶ ሽቦ ስሸጥ ነው ያደግኩት» አለ። «አርባ ሰባት፣ ሰባ አምስት … ኮሌጅ ስገባ አንድ ዓመት ሙሉ አሳሳተኝ።» ከዚያ ፎርሙን ወደራሱ ስቦ፣ ሳይቸኩል፣ «ብቁ» የሚለው አጠገብ ምልክት አደረገ። «የእድሩን ነገር ለተማሪዎቹም ይንገሯቸው» አላት።

ቤቴል በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። የድንቅቱን ፊት አይታ ወረቀቱን ሳታነብ አቀፈቻት። «ገለቶማ፣ አዴ ድንቅቱ፣ ገለቶማ» እያለች አመሰገነቻት፤ ኦሮምኛዋ የቡራዩ ገበያ ኦሮምኛ ነው። «መጪው ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ። ሽቦውን እኔ አዘጋጃለሁ። የሚለብሱት ጋውን ስንት ቁጥር ነው?»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ሚኒባሱ አስኮን አልፎ ነበር ስልኳ የጮኸው። የሰበታው ወፍጮ ባለቤት ኡዘይር ነው፤ ከጀርባው የሴቶች ጫጫታ ይሰማል።

«አዴ፣ ዲናሞው ጨሰብኝ! አሁን ይዤው ልምጣ?»

«አሁን መንገድ ላይ ነኝ። ነገ አምጣው።»

«ነገ ዱከም እሄዳለሁ። ማክሰኞ ላምጣው እንጂ።»

«ማክሰኞ አልኖርም።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስም አልኖርም፤ ረቡዕ አምጣው።»

«ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ኡዘይር፤ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ደህና ነኝ» አለች ድንቅቱ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ አየቻት፤ ድንቅቱም ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ማክሰኞና ሐሙስ ቡራዩ አስተምራለሁ።»